ሜጀር ቴይለርን በአሟሟቱ ብቻ አናስታውሰው

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ አንድ ጓደኛዬ ስለ ሜጀር ቴይለር በአማርኛ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ላከልኝ። ጽሑፉ ሰውየውን በስድስት መስመር ጨርሶታል። ጥቁር ብስክሌተኛ ነበር፣ ዘረኞች አሰቃዩት፣ ደህይቶ ሞተ። በቃ። እንዴት እንደሚጋልብ አንድ ቃል የለም። በዘመኑ ከነበሩት ፈጣኖች ሁሉ በምን እንደሚበልጥ አንድ ቃል የለም። አላስችል አለኝና ስፖርት የምንወያይበት መድረክ ላይ ረዘም አድርጌ ጻፍኩ። እስከ ዓርብ 38 መልስ መጣ። አንዳንዱ አስተማረኝ፣ አንዳንዱ አናደደኝ። ክሩ አሁን በጣም ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚደርስ ሰው እንዲመቸው የተባባልነውን በራሴ አነጋገር ልተርከው።

የመጀመሪያው ጽሑፌ በአጭሩ ይህ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ማርሻል ቴይለር (የሜጀር የልደት ስሙ ነው) በኖቬምበር 1878 በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ወታደር ነበሩ። በኋላ ሳውዛርድ የሚባል ሀብታም ቤተሰብ ዘንድ የሠረገላ ነጂ ሆነው ተቀጠሩ። ማርሻል ከዚያ ቤት ልጅ ጋር አብሮ አደገ፣ አብሮ ተማረ፣ ብስክሌትም አገኘ። ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ሲዛወር እናቱ ልጄን አልሰጥም አሉ፤ ቀረ። በ13 ዓመቱ አካባቢ ብስክሌት ሱቅ ገባ። ደጃፉ ላይ የወታደር ልብስ ለብሶ በብስክሌት የተለያየ ትርኢት ያሳይ ነበር። ሜጀር የሚለው ቅጽል ስም የመጣው ከዚያ ልብስ ነው። በኛ ቋንቋ ሻለቃ ማለት ነው።

በ1895 ሉዊስ መንገር የሚባል የቀድሞ ተወዳዳሪ ማሳቹሴትስ ውስጥ ወዳለችው ወደ ዉስተር ከተማ ይዞት ሄደ። በ1896 መጨረሻ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ፕሮፌሽናል ሆነ። ነሐሴ 1899 ሞንትሪያል ላይ በ1 ማይል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቺካጎ ውስጥ፣ በእንፋሎት ከሚሠራ ሞተር ኋላ ተጠግቶ 1 ማይልን በ1 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ጨረሰ። በሰዓት ሲሰላ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእግር ጉልበት!

ከዚያ ወደ ገባሁበት ነገር መጣሁ። የአጭር ርቀት የብስክሌት ውድድር የጉልበት ብቻ አይደለም። ሜዳው ሞላላ ዙር ነው፤ መታጠፊያው ላይ እንደ ጣሪያ ያዘነበለ። ብስክሌቱ ፍሬን የለውም። ከፊት ያለው ነፋሱን ይከፍላል፤ ከኋላው የተጠለለው ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ ሁሉም ሌላው ቀድሞ እንዲወጣ ይፈልጋል። ዝግ ይላሉ፣ ይተያያሉ፣ ያደባሉ። ከዚያ አንዱ ድንገት ይፈነጠራል። ቴይለር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ነጮቹ ተወዳዳሪዎች ቀድመው ይመካከሩና ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን ሆነው ይዘጉበታል። እሱ ግን የትከሻ ስፋት ያህል ክፍተት ካገኘ ሾልኮ ይወጣል። የብስክሌቱን መሪ በተጨማሪ ብረት ወደ ፊት አስረዝሞ፣ ጀርባውን እንደ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይጋልባል። ያ ማስረዘሚያ ብረት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነበር፦ ስለዚህ ሰው ስናወራ ለምን ከእግሩ አንጀምርም?

መልስ 1 ከአንድ ድሬዳዋ ያደጉ አባት ነው። በጣም በትህትና አመሰገኑኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅ ሆነው ድሬዳዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የማይነዳ አልነበረም አሉ። አንድ ነገር ግን አልገባቸውም። ፍሬን ከሌለው እንዴት ይቆማል? መልስ 2 ወዲያው መለሰላቸው። ሚላን የሚኖር ልጅ ነው፤ እዚያ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ተለማምዷል። ጋሼ፣ ብሎ ጀመረና በደንብ አስረዳቸው። ፔዳሉ ከኋላ ጎማ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል። ለማቆም ፔዳሉን በእግር ወደ ኋላ እየተጫኑ ማብረድ ነው፤ ወይም ወዳዘነበለው ጠርዝ ወጥቶ ፍጥነቱን መጨረስ። እሱ የመጀመሪያ ቀን ይህን ረስቶ እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ፔዳሉ አንስቶ መሪው ላይ ወረወረው። አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው።

መልስ 3 አረመኝ። ቴይለርን የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም ሻምፒዮን ብዬው ነበር። አይደለም። ካናዳዊው ቦክሰኛ ጆርጅ ዲክሰን ቀድሞታል። ቴይለር ሁለተኛው ነው። ልክ ነበር፤ አመስግኜ አስተካከልኩ። ሰውየው በዚህ አላቆመም። ዲክሰንን የረሳ ሰው ሌላውን ስለ መርሳት ሊወቅስ አይችልም አለኝ። ከበድ ያለ ነው፤ ግን ተቀበልኩት።

መልስ 4 ላይ አንዲት እህት በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ሳትለሳለስ፣ ሐሳቤን ተቃወመች። እግሩን ከቆዳው ለይተህ ልታወራ አትችልም ነው የምትለው። ማስረጃ ያደረገችው በ1897 ማሳቹሴትስ ቶንተን ላይ የሆነውን ነው። ውድድሩ እንዳለቀ ቤከር የሚባል ተወዳዳሪ ቴይለርን ከብስክሌቱ ጎትቶ አወረደውና ራሱን እስኪስት ድረስ አነቀው። ፖሊስ ነው ያላቀቀው። ቤከር የተቀጣው 50 ዶላር ነበር፤ እሱንም ሌሎች ተወዳዳሪዎች አዋጥተው ከፈሉለት። እህታችን የምትለው፣ ያ ሾልኮ የመውጣት ችሎታ ያልኩት ነገር ራሱ ከዚህ የመጣ ነው። በመሐላቸው ከተያዘ ያቆስሉታል። ስለዚህ ቀድሞ መውጣት ግዴታው ነበር። መልስ 5 የኔ ነው። ልክ ነሽ አልኳት። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም የተገፋ ሰው ሾልኮ አይወጣም፤ እሱ ግን ወጣ። ያንን ነው ማየት የምፈልገው።

መልስ 6 የአሜሪካ ብስክሌተኞች ማኅበር በ1894 ጥቁሮች አባል እንዳይሆኑ ደንቡ ላይ መጻፉን አመጣ። ደንቡ በይፋ የተሻረው በ1999 ነው። ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ተመለስኩበት።

መልስ 7 ስለ ኒውዮርኩ የስድስት ቀን ውድድር ነው። ታኅሣሥ 1896፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ስድስት ቀን ሙሉ በአንድ ሜዳ ላይ መሽከርከር። ቴይለር የአጭር ርቀት ሰው ነው፤ ይህ የእሱ ዓይነት ውድድር አይደለም። ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ 8ኛ ወጣ። መጨረሻ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ጩቤ የያዘ ሰው እያሳደደኝ ነው ይል ነበር። ጸሐፊው የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አዋሽን አልፎ እንቅልፍ ሲይዘው መንገዱ ላይ የሌለ ግመል እንደሚያይ ጻፈ። ስለዚህ ይህን ጩቤ ያምነዋል።

ከዚህ በኋላ ነው ወሬው መንገድ የሳተው። መልስ 8 ውድድሩ የተደረገው በዓድዋ ድል ዓመት መሆኑን ጠቅሶ፣ ጥቁር ሕዝብ በዚያ ዓመት በሁለት አህጉር አሸነፈ አለ። ደስ የሚል አባባል ነው። መልስ 9 ግን በእኛ አቆጣጠር ዓድዋ የካቲት 1888፣ ውድድሩ 1889 ነው ብሎ አፈረሰው። በዚያ ላይ 8ኛ መውጣት ድል አይባልም አለ። መልስ 10 ተቆጣ። የአቆጣጠር መምህር ማን ጠየቀህ ዓይነት ነገር ነው የጻፈው። መልስ 11 ሁለታችሁም እውነት አላችሁ ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። ማንም አልሰማውም።

መልስ 12 ከዋናዎቹ አንዱ ነው፤ ስለ እሑድ። የቴይለር እናት አጥባቂ ባፕቲስት ነበሩ። ዉስተር ከገባ በኋላ እሱም ተጠመቀ፤ በእሑድ ቀን አልወዳደርም አለ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ውድድርና ትልቁ ገንዘብ እሑድ ነው። ከፈረንሳይ ብዙ ብር ይዘው መጡበት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ እነሱ ተሸነፉ። በ1901 ሲሄድ በሌሎቹ ቀናት ብቻ እንዲወዳደር ተስማሙ። የጻፈው ሰው ዲያቆን ነኝ ይላል። አንድ ሰው በዚያ ዘመን የሙያው ገበያ ያለበትን ቀን ትቶ ሻምፒዮን መሆኑ ከሪከርዱ ይልቅ ያስደንቀኛል ብሎ ጻፈ።

መልስ 13 ከእስራኤል ነው። ጸሐፊዋ የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። ልጇ እግር ኳስ ይጫወታል፤ ቡድኑ ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖረው ቤቱ ይረበሻል። አያቱ ሰንበት ነው ይላሉ፤ ልጁ አሠልጣኙ ያስወጣኛል ይላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አያትየው የልጁን ጫማ ትራስ ሥር ደብቀው ተኙበት። ልጁም አልቀሰቀሳቸውም። ቡድኑ ያለ እሱ ተጫወተ። እናትየው እስከ ዛሬ ማን ልክ እንደነበረ አልወሰነችም። ለቴይለር ማን ጫማውን ደበቀለት ብላ ጠየቀች። ይህን መልስ በጣም ወደድኩት።

መልስ 14 ውኃ ቸለሰበት። ቴይለር በ1909 በእሑድ ተወዳድሯል አለ፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ምስጋና እንተወው። እውነት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተወዳድሯል። መልስ 15 ከዚያም አልፎ መሐላውን በላ ብሎ ጻፈ። ዲያቆኑ መልስ 16 ላይ ተመልሶ መጣ፤ ድምፁም ተለወጠ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ ሰውነቱ ያለቀ ሰው ላይ ድንጋይ ለመወርወር ማን ነህ አለው። እኔ መልስ 17 ላይ ገባሁ። እሑድን የጠበቀው በጉልበቱ ጫፍ ላይ ሳለ ነው፤ ብሩ በብዛት በሚመጣበት ጊዜ። በስተርጅና እጅ ሰጠ ቢባል እንኳ ያ አይሰረዝም። ደግሞ በዚያው በ1909 ጥቅምት ሮአን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የዓመቱን የዓለም ሻምፒዮን ዱፕሬን አሸነፈው። ቀኑ እሑድ ነበር። ምን እየተሰማው እንደጋለበ አስባለሁ።

ከ18 እስከ 22 ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ሜጀር ማለት ሻለቃ ከሆነ የኛም ሯጮች ማዕረግ አላቸው ብሎ ሻምበል አበበንና ሻለቃ ኃይሌን አነሳ፤ የኛዎቹ ማዕረግ እውነተኛ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ሌላው ታዲያ ለምን በ100 ሜትር ሰው የለንም አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ነው ያለውን ደግሞ ሌላው አረመው። ስስ አየር አጭር ሩጫን ያግዛል እንጂ አይጎዳም፤ ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታ ላይ ሆና በ1968 ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 የሮጠው እዚያ ነው። ጥሩ ክርክር ነበር፤ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም። አወያዩ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ጠየቀ።

መልስ 23 ተመለሰ፤ በብስክሌተኛው በብንያም ግርማይ በኩል። በ2024 በትልቁ የፈረንሳይ የመንገድ ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚበልጥ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ለብሷል፤ ቴይለር ቢያየው ደስ ይለው ነበር አለ። መልስ 24 ሀበሻ አኮራን ብሎ ጻፈ። መልስ 25 ብንያም ኤርትራዊ ነው፤ የሰው ድል አትቀሙ አለ። በቁጣ ነው። 24 የጻፈው ሰው ለመቀማት አይደለም፣ ለደስታ ነው ብሎ መለሰ። እኔ ከ25 ጋር ነኝ። ደስ ይበለን፤ ግን በስሙ እንጥራው። የኛ ሲባል ገረመው ደንቦባ አለ፤ በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት የወከለን። ጽጋቡ ግርማይ አለ፤ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። እነሱን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሚላኑ ልጅም አንድ ነገር ጨመረ። የብንያም ፍጥነት ከ200 ኪሎ ሜትር የመንገድ ጉዞ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የቴይለር ግን ሙሉ ጉልበት ይዞ አንድን ሰው ፊት ለፊት መግጠም ነው። ከባሕር ዳር የጻፈ አንድ ሰው ደግሞ ጠቡን ረስቶ ስለ ልጅነቱ አወራ። ብስክሌት በሰዓት ተከራይተው በየተራ ይነዱ ነበር። ካላማዳሪው ከፈነዳ ጎሚስታው ጋ ለማስለጠፍ የሦስት ልጆች ኪስ ይራገፋል።

በጣም የከፋው መልስ 28 ነው። እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም፣ ይህ የአሜሪካ ጥቁሮች ጉዳይ ነው፣ ለምን የኛ እናደርገዋለን የሚል ነው። አንብቤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልመልስ ስል ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰው ቀደመኝ። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ሲያስቆሙኝ ስለ ዓድዋ የጠየቀኝ የለም ብሎ ጀመረ። ከዚያ የቴይለርን የ1904 ታሪክ ጻፈ። ቴይለር ሁለት ጊዜ አውስትራሊያ ሄዶ ተወዳድሯል። ሁለተኛው ጉዞ ላይ ልጁ ሲድኒ ተወለደች፤ ስሟንም ሪታ ሲድኒ አሏት። በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሱ። የሲድኒ ሕዝብ በጭብጨባ የሸኘው ሰው፣ ሚስቱንና የወራት ዕድሜ እንኳ ያልሞላትን ሕፃን ይዞ የሚያሳድረው ሆቴል፣ ምግብ የሚሸጥለት ቤት አጣ። ብሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። የዲሲው ሰው እዚህ ላይ አቆመ። 28 የጻፈው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 30 ነው በመጨረሻ ጥያቄዬን የመለሰልኝ። ፓሪስ የሚኖሩ እናት ናቸው። ቴይለር የተወዳደረበትን ቦታ አይተውታል፤ የድሮው ሜዳ ፈርሶ ስታዲየም ሆኗል። ግንቦት 1901፣ ፓርክ ደ ፕሬንስ። ተጋጣሚው ኤድሞን ዣክለን ነው፤ የ1900 የዓለም ሻምፒዮን፣ ጭኑ ወፍራም፣ አፈንጣጠሩ አስፈሪ። ቴይለር እሑድ ስለማይወዳደር ቀኑን በዓል ላይ አደረጉት። በነሱ የዕርገት ዕለት፣ ሐሙስ። ብርድና ነፋስ ነበር፤ ቴይለር ብርድ አይወድም። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ነው አሸናፊ። ዣክለን ሁለቱንም ወሰደ። መስመሩን ሲያልፍ አውራ ጣቱን አፍንጫው ላይ አድርጎ ጣቶቹን ዘርግቶ አፌዘበት። ሕዝቡ ፊት።

አሥራ አንድ ቀን ቆይተው በጰራቅሊጦስ ማግሥት፣ ሰኞ፣ እንደገና ተገናኙ። ቀኑ ሞቅ ብሎ ነበር። ቴይለር የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ። ሁለተኛው ሊጀመር ሁለቱም ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሰዎች ከኋላ ደግፈው ይዘዋቸዋል። ቴይለር እጁን ዘርግቶ ዣክለንን ጨበጠው። እኚህ እናት ደጋግመው ያነበቡት ይህን ቦታ ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚደረገውን ሳይጀመር አደረገው። ይህ የመጨረሻችን ነው፣ ደህና ዋል እንደማለት። ስድብ የለውም፣ ፌዝ የለውም። ግን ዣክለን ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ከዚያ ቴይለር ያንንም አሸነፈ። ወገቡ ላይ የሸጎጠውን ትንሽ የሐር ባንዲራ አውጥቶ እያውለበለበ ሜዳውን ዞረ። ያውለበለበው በ1894 አልቀበልህም ያለው ማኅበር ያለበትን አገር ባንዲራ ነው።

እሳቸው ከእግሩ ጀምር ላልከው፣ እኔ ከእጁ እጀምራለሁ ብለው ጨረሱ። ይህን ሳነብ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነበር። ተነሥቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። የፈለግኩት ይህ ነው። የዚያ ሰው ብልሃት፣ ትዕግሥት፣ ሰውን ሳያዋርዱ ማሸነፍ። ስድስት መስመር ውስጥ ያልነበረው ይህ ነው።

መልስ 31 እና 32 ምስጋና ብቻ ናቸው። መልስ 33 ከቦስተን አካባቢ ነው። ዉስተር ላይብረሪ ፊት ለፊት ከ2008 ጀምሮ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ጆርጅ ስትሪት የሚባል ዳገት አለ፤ ቴይለር የሚለማመድበት። በየዓመቱ ሰዎች በስሙ ይወዳደሩበታል። ጸሐፊው ከእንጦጦ ሥር ነው ያደግኩት፣ ዳገት አያስፈራኝም ብሎ ብስክሌት ተውሶ ሞከረ። ግማሹ ላይ ወርዶ ገፋ። አጭር ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው ይላል።

መልስ 34 ቴይለር በ1910 ካቆመ በኋላ ያለውን ጻፈ። ንግድ ሞከረ፣ የፈጠራ ሥራ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በራሱ ወጪ በ1928 አሳተመ። መጽሐፉን ተሸክሞ እየዞረ ራሱ ይሸጥ ነበር። መልስ 35 አየህ፣ በመጨረሻ ወደ አሟሟቱ መጣን አለኝ። ልክ ነው፤ መጣን። ግን ከ34 መልስ በኋላ መምጣትና በሦስተኛው መስመር መምጣት አንድ አይደለም።

መልስ 36 ያቺ 4ኛውን የጻፈች እህት ናት። ያመጣችው ነገር ክሩን ሁሉ ዝም አሰኘው። ቴይለር ኢንዲያናፖሊስ ልጅ ሳለ ጓደኞቹ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ስፖርት ቤት ገብተው ይጫወታሉ፤ እሱ ጥቁር ስለሆነ አይገባም። ውጭ ቆሞ ያያል። ራሱ በመጽሐፉ ጽፎታል። በ1930 ከሚስቱ ተለይቶ ቺካጎ ሲሄድ ያረፈው የት ነው? ወወክማ፤ ለጥቁሮች በተሠራው ቤት። አዲስ አበባ ወወክማ ፒንግ ፖንግ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ስም ሲሰማ የሚታየው ሌላ ነው፤ እኔም እንደዚያ ነኝ። ስለዚህ ከበደኝ።

መልስ 37 ቺካጎ የሚኖር ሰው ነው። ሰኔ 1932 ቴይለር ኩክ ካውንቲ ሆስፒታል በድሆች ክፍል ሞተ፤ 53 ዓመቱ ነበር። ምልክት የሌለው መቃብር ውስጥ ተቀበረ። በ1948 የቀድሞ ብስክሌተኞች ተሰባስበው፣ የብስክሌት ፋብሪካ ባለቤቱ ፍራንክ ሽዊን ገንዘቡን ሰጥቶ፣ አጽሙን አውጥተው በዚያው ማውንት ግሌንዉድ መካነ መቃብር የተሻለ ቦታ አሳረፉት፤ የነሐስ ጽሑፍም አኖሩለት። ጽሑፉ በልቡ ጥላቻ ሳይዝ በከባድ መንገድ እንደመጣ ይናገራል። ሰውየው ሄዶ አይቶታል። በረዶ ስለነበር ጽሑፉን ለማንበብ በጓንቱ ጠረገው።

ስለዚያ ጽሑፍ ልመልስ አስቤ ተውኩት። ጥላቻ አልነበረበትም የሚሉት የጠሉት ሰዎች ባልደረቦች መሆናቸው ያስቆጣኛል። ግን ደግሞ ተሰባስበው አጽሙን ያወጡትም ብስክሌተኞች ናቸው፤ ሌላ ማንም አልመጣም። ሁለቱንም ይዣለሁ።

የመጨረሻው፣ መልስ 38፣ ከድሬዳዋው አባት ነው። ዓርብ ከሰዓት ጻፉት። የልጅ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ክሩን በየማታው እያነበቡለት ነበር። ልጁ የራሱ ብስክሌት መሪ ወደ ፊት ይረዘምልኝ ብሎ አስቸገራቸው። ሰፈር ወዳለው ብስክሌት ጠጋኝ ወሰዱት። ጠጋኙ የሚሆን ብረት የለኝም፣ ዝቅ ላድርግለት አለ። እየፈታ ሳለ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀ። እሳቸው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ፓሪስ ነገሩት። አውራ ጣቱን አፍንጫው ላይ ያደረገው ጋ ሲደርሱ ደንበኛ መጣና አቋረጣቸው፤ ሒሳብ ከፍለው ወጡ። ልጁን ይዘው መንገድ ሊሻገሩ ሲሉ ጠጋኙ መፍቻውን እንደያዘ ከኋላ ተጣራ። በሁለተኛው ቀንስ ማን አሸነፈ?